የባዶ ድስት ጭስ

እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጨስ ከሸተተኝ፣ ዐይኔ ሳይቀላ ሆዴ ይባባል። ትናንት ጎረቤቶቼ ግቢያቸውን ጠርገው ቅጠሉን ሲያቃጥሉ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ልጄ «ምነው፣ ጭሱ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ጭሱ ነው አልኳት።

ያኔ የምንኖረው ጊንጪ ዳር፣ የጭልሞ ደን ከሚጀምርበት አጠገብ፣ በቀበሌ ቤት ነበር። አባታችን አምቦ ታስሮ እናታችን በየሳምንቱ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን እንደወጣች ቀረች። በማግስቱ የአውቶቡስ ረዳቱ ደጃችን መጥቶ ለታላቅ እህቴ በሹክሹክታ «እሷንም ይዘዋታል። ለማንም እንዳትናገሩ፣ እንዳትለያዩ ብላለች» አላትና ሄደ። እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ስምንት፣ ትንሹ ወንድማችን አራት። ዛሬ የእህቴን ዕድሜ የምታህል ልጅ አለችኝ፤ ሻይ እንኳ ብቻዋን እንድታፈላ አልፈቅድላትም።

አዋቂ የሌለበት ቤት መሆኑ ከታወቀ ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ሰጥቶ እኛን በየሕፃናት ማሳደጊያው ይበትነናል ብላ እህቴ አመነች። በሰፈራችን ደግሞ ጠዋት ጭስ ያልወጣበትን ቤት ጎረቤት ሳያንኳኳው አይውልም ነበር። ስለዚህ የሚበስል ኖረም አልኖረም በየጠዋቱ እሳት እናነድ ነበር። እህሉ ካለቀ በኋላ ውሃ ብቻ ጥደን፣ ጭሱ እንዲወፍር እርጥብ ቅጠል እንጨምርበታለን። ትንሹ ምድጃው ሥር ተቀምጦ ዐይኑን እያሸ «ደረሰ?» ይላል። «ገና ነው» ትለዋለች። ቀን ቀን ከጭልሞ ቀጋና እንጆሪ ለቅመን እንበላለን።

ከበታቻችን ያለችው የባለሱቁ ሚስት መንገድ ላይ ስታገኘን «ሃቲ ኬሰን ጂርቲ?» ትለናለች፤ እናታችሁ አለች ወይ ማለቷ ነው። እህቴ ፈጠን ብላ «ጂርቲ! ቁርስ እየሠራች ነው» ትላለች። ሴትዮዋ ወደ ጣሪያችን ቀና ብላ አይታ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፋለች። አቤት ያኔ እህቴን የሚሰማት ኩራት!

ክረምቱ ሲገባ ትንሹን ትኩሳት ያዘው። እህቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ አልተወውም። «ሄደን ለሴትዮዋ እንንገራት» ብዬ አለቀስኩ።

«ከዚያ ይወስዱታል። እዚያ ማን ያቅፈዋል?» አለችኝ።

እሱ እያቃሰተ እኛ እሳቱን ማንደድ አልተውንም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እቅፏ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

የዚያን ዕለት እሳት ያነደደ የለም። ረፋዱ ላይ የባለሱቁ ሚስት አንኳኩታ፣ መልስ ስታጣ በሩን ገፍታ ገባች። እንዳየችው መሬት ላይ ዘፍ ብላ «ጭሱን እያየሁ እኮ ነው ደህና ናቸው ያልኩት! እኔ እያለሁላችሁ! ልጆቼ፣ እኔ እያለሁ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ቀበሌውም ማንንም አልበተነም፤ ሴትዮዋ እቤቷ ወስዳ ከልጆቿ ጋር አበላችን።

እናታችን የተፈታችው ለመስቀል ሰሞን ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ እኔንና እህቴን አቅፋ ስማ ስማ አልጠገበችም። ማናችንም አፍ አውጥተን ሳንነግራት፣ እስር ቤት ሳለች በእጇ የሠራቻትን ትንሽ ሹራብ ከዘንቢሏ አውጥታ ዘረጋቻት።

«አድጎ ይሆናል ብዬ እጅጌውን አስረዘምኩት» አለች። «የታለ?»