ሁለቱ ወልዴዎች

ከኮልፌ የወጣሁ ማታ ፓስፖርቴን ስንት ጊዜ በእጄ እንደዳሰስኩት እግዚአብሔር ይወቅ። ልጄ ሚኪያስና ጓደኛው ናሆም ሻንጣዬን ታክሲው ላይ ሲጭኑ፣ ያሳተሙትን የሮክ ሲዲ ከሹሮው ስር ሸጎጡልኝ። ኤርፖርት ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ እስክሳፈር ተጨነቅሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ስዊድን የመጣሁት ሴት ልጄን ሩትን ስትወልድ ላርሳት ነበር፤ በዚያው ቀረሁ። አገሩ ደግ ነው፤ ውሃ አይጠፋም። ጎረቤት ግን ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ «ሄይ» ብሎ ያልፋል እንጂ እንዴት አደርሽ፣ ልጆችስ የሚባል ነገር የለም። ብርዱን የኮልፌ ሐምሌ ስላሰለጠነኝ እችለዋለሁ። ወጣቸው ላይ ጨው ይረሳሉ።

አንድ ቀን ሩት፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው በሚጽፍበት ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ልጆቹ አልበም ተጽፎ እንዳየች ነገረችኝ። ደስ አለኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ፣ ግን ሳላጣራ አላልፍም። «ቀስ ብለሽ ተርጉሚልኝ» አልኳት። ድራም ሚኪያስ፣ ልክ ነው፤ የተማረው ጸሎት ቤታችን መሆኑ አለመጻፉ ለሽማግሌዎቹም ይሻላል። ድምፅ ናሆም፣ ልክ። የተቀዳው ኮልፌ፣ ልክ፤ የኛ ጓዳ ውስጥ ብርድ ልብሴን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነው። ቀጥሎ ግን «ወንድማማቾቹ ወልዴ» ይላል።

ሚኪያስ የባለቤቴ የወልዴ ልጅ ነው። የናሆም አባት ወልዴ ሌላ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ልጁ ሳይወለድ ሞተ። እናቱ ብርቄ ኮልፌ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችው። ያ ልጅ የአባቱ ፎቶ እንኳ የለውም። ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ወስደው ለኔ ባል ሰጡት።

ገጹን ለሚቆጣጠረው ሰው ጻፍንለት። እኔ እናገራለሁ፣ ሩት ትጽፋለች።

«ሁለቱም አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው» አለን።

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው። እኔም የምጠራው በአባቴ እንጂ በባሌ አይደለም።»

«ምንጭ አለዎት?»

«አንደኛውን የወለድኩት እኔ ነኝ።»

«ዘመድ እንደ ምንጭ አይቆጠርም።»

«ታዲያ ማን ይቆጠር፣ አዋላጇ?»

«እማዬ፣ ይህንንስ አልጽፍም» አለች ሩት።

«ጻፊው።»

«የታተመ ነገር ያስፈልገናል» ብሎ መለሰ ሰውዬው።

ሲዲውን አወጣሁ። ከውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ልጆቹ ምስጋና አሳትመዋል። ሚኪያስ «ድራም ለገዛልኝ አባቴ» ይላል። ናሆም «ሳያየኝ ላለፈው አባቴ» ይላል። ሩት ፎቶ አንስታ ከነትርጉሙ ላከችው። በማግስቱ «ወንድማማቾቹ» የሚለው ተነስቷል፤ ይቅርታም ጠይቆናል። ሰውዬውን አልተቀየምኩትም። እኔም በርበሬ ሳልቀምስ አልገዛም።

ለብርቄ ደወልኩላት።

«የሚኪ እናት፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች። ስደውል ሁልጊዜ አንድ ነገር የሆንኩ ይመስላታል።

ሁሉንም ነገርኳት። «ባልሽ ቢሰማ፣ ያለ ወተት ያለ ዳይፐር ልጅ አገኘሁ ይል ነበር» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«እስቲ ስሙን እንደተጻፈው አንብቢልኝ።»

«ናሆም ወልዴ።»

«ድገሚው።»

ደገምኩላት።

«የሚያነበው ሰው፣ ወልዴ አባቱ መሆኑ ይገባዋል?»

ያገራችን ሰው ይገባዋል አልኳት። የዚህ አገሩን ግን እንጃ።