ጡት ያጡት ስድስት ግልገሎች

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የተተረተው ለእሳቸው ነው ቢባል አምናለሁ። ጥንቸል አርቢዋን ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ጠርጥር» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበው ጡረታ ሲወጡ፣ ከጓዳቸው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ጥንቸል ማርባት ጀመሩ። መኖ ነጋዴው ጆንያ ባመጣ ቁጥር ከፍተው ያሸታሉ፤ ጎረቤት እንቁላል ቢሰጣቸው እንኳ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል።

ምራታቸውን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይጠረጥራሉ። ልጃቸው ካገባት ገና ሦስት ወሩ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ፈገግ ትላለች፤ እጇን ሽታ ያለው ቅባት ትቀባለች። «ዝም ያለ ሰው ውስጡ ምን ይዟል?» ይላሉ እማማ ለራሳቸው።

ነጯ ጥንቸል ስድስት በወለደች ማግስት፣ ምራታቸው ጥንቸሏን አቅፋ ሆዷን ስትደባብስ ደረሱባት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጡቷ ሞልቶ እንደሆነ እያየሁ ነው፣ እማዬ።»

«ሞላ አልሞላ አንቺን ምን አገባሽ?»

ያ ቅባት ታያቸው። ጥንቸል ባዕድ ጠረን ከሸተታት ልጆቿን ትተዋለች ሲባል ሰምተዋል። ምራትየው ዞር ስትል በሩን ቀርቅረው፣ የጥንቸሏን ሆድ በሞቀ ውሃና በሳሙና ፈትገው አጠቡት።

ጥንቸል የምታጠባው በቀን አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በማግስቱ እናትየው ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ቆመች። ጣት የሚያካክሉት ቀያይ ግልገሎች ሆዷ ሥር ተተራመሱ፤ አፍንጫቸውን ወዲያ ወዲህ አሉ፤ አንዱም ጡት ሳይዝ ዘላ ወጣች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ቆዳቸው ተሸበሸበ፤ ትንሹማ መንቀሳቀስ ተወ።

«መርዛቸዋለች!» አሉ እማማ። ምራታቸውንም ጠርተው፣ «ምን ቀብተሻት ነው? እውነቱን አውጪ!»

ምራትየው አልተቆጣችም። ጥንቸሏን አንስታ ሆዷን አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ሳሙና ሳሙና ትላለች። እማዬ፣ እነዚህ እኮ ገና አያዩም፣ አይሰሙም። ይዘው የተወለዱት አፍንጫቸውን ነው። ጡቱን የሚያገኙት በጠረኑ ነው፤ እሱ ከጠፋ አፋቸው ላይ ቢደርስም አያውቁትም።»

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አባቴ ቤት ጥንቸል ስናረባ ነው ያደግኩት። ማን ነው በሳሙና ያጠባት?»

እማማ ጣሪያውን አዩ።

«ግራጫዋ ጥንቸልም ወልዳ እያጠባች ነው፤ ከእሷ ወተት አልቤ የዚችን ጡት እቀባለሁ። ግን የታጠበው የቱ ጋ እንደሆነ ካላወቅኩ ሳሙናው ሳይለቅ ይቀራል፤ ግልገሎቹም እስከ ነገ አይቆዩም።»

እማማ ትንሹን ግልገል አዩት። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ሆዷን ነው» አሉ። «ሆዷን ብቻ። እኔ ነኝ።»

ምራትየው ጨርቅ አነሣች። በንጹሕ ውሃ ደጋግማ ጠረገቻት፤ ከግራጫዋ ጥቂት ጠብታ አልባ ጡቶቿን ቀባች፤ ግልገሎቹን ሥሯ አስጠጋች። አፍንጫዎቹ ቀጥ አሉ። ከዚያ አንዱ ያዘ፤ ሁለተኛው፤ አምስቱም። ትንሹን እማማ ራሳቸው በመዳፋቸው ደግፈው ቢያቀርቡት፣ ቆየት ብሎ ነከስ አደረገና መሳብ ጀመረ።

እማማ እፎይ ብለው ተነሡ።

«ነገም አንቺው ግቢና ጡት አሲዢያቸው።»

«እርስዎስ፣ እማዬ?»

«እኔማ በሩ ላይ ቆሜ አይሻለሁ።»