ከአስፋልቱ በታች

ወይዘሮ ፋንታዬ ሶዶ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ካርድ ነው። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ካርድ ይከፈትለታል። ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወለደበት ዘመንና የሚኖርበት ሰፈር ይጻፍበታል፤ ስምንተኛን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ካርዱ ከእርሳቸው ሳጥን አይወጣም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ካርድ አልጠፋባቸውም። ይህን ሲናገሩ ፈገግ ይሉና፣ "አልጠፋም ማለት ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም" ብለው ይጨምራሉ። ያን ያስተማራቸው የአምናው ግንቦት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ፤ ቁጥሩ ሲገባን ሌላው ሁሉ ይገባናል። ትምህርት ቤቱ አሥራ ስድስት ክፍል ነበረው፤ ተማሪው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። ስለዚህ በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ መቶ ልጅ ይቀመጣል ማለት ነው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይሆናሉ። አምስቱ እኩል መጻፍ ስለማይችሉ የአንደኛ ክፍል ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ዘዴ ፈጥረው ነበር፤ ሦስቱ ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ሁለቱ ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

አምና ከአስፋልቱ በታች ስምንት ክፍል ያለው አዲስ ትምህርት ቤት ተሠርቶ አለቀ። አስፋልቱ ወደ አረካ የሚወስደው መንገድ ነው። ነባሩ ትምህርት ቤት ከመንገዱ በላይ፣ በዳሞታ ተራራ በኩል ሲሆን አዲሱ በታች ነው። አሥራ ስድስትና ስምንት ሃያ አራት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶውን ለሃያ አራት ክፍልና ለሁለት ፈረቃ ብታካፍሉት ስልሳ ሰባት ገደማ ይመጣል። ከመቶ ወደ ስልሳ ሰባት! አሁንም ብዙ ነው፤ ግን ልጅ ክርኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያገኛል።

የቀረው ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ዳይሬክተሩ ትግሉ፣ ከቀበሌ አቶ በኃይሉ፣ የካርዱን ሳጥን ቁልፍ የያዙት ወይዘሮ ፋንታዬ። የወሰኑትም ለማንም የሚገባ ነገር ነበር። አስፋልቱ ራሱ ወሰን ይሁን። ከላይ የሚኖር ነባሩ ጋ ይቀራል፤ ከታች የሚኖር አዲሱ ይገባል። ከእንግዲህ ትንሽ ልጅ በጭነት መኪናና በባጃጅ መሃል አያቋርጥም።

ወይዘሮ ፋንታዬ በስብሰባው እጃቸውን አውጥተው ደገፉ። ሆዳቸው ግን ሌላ ነገር ይል ነበር። ልጃቸው ምሕረት ሐዋሳ ትሠራለች፤ የልጅ ልጃቸው ቤቴል፣ የሰባት ዓመቷ የአንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የምትኖረው ከእርሳቸው ጋር ነው። ቤታቸው ከአስፋልቱ በታች ነው። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ አብረው ይሄዳሉ። ቤቴል ቤት ውስጥ ዝምተኛ ናት፤ ወሬዋ ሁሉ የሚወጣው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን እንቅልፍ እንደወሰደው፣ አስተማሪዋ ስትስቅ የትኛው ጥርሷ እንደሚታይ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ የአያቷን እጅ ትይዛለች፤ ከተሻገሩ በኋላም አትለቅም። ወይዘሮ ፋንታዬ ከቀናቸው ውስጥ አንዱን ሰዓት ምረጡ ቢባሉ ያን ይመርጡ ነበር።

አቶ በኃይሉ የሰፈሮቹን ስም ከላይና ከታች ብለው ለዩ። አስተማሪዎች ካርዶቹን በዚያ መሠረት ለሁለት ከፈሉ። ዝርዝሩ በግንቦት ተለጠፈ። የቤቴል ስም ከሚቀሩት መሃል ነበር።

ወይዘሮ ፋንታዬ ደስ አላቸው። ለምን እንደቀረች ግን አልጠየቁም። ሰው ደስ ያለውን ነገር አይመረምርም።

በማግስቱ የትምወርቅ የምትባል እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሪከርድ ክፍል ገባች።

"እትዬ ፋንታዬ፣ የኔ ቤት የት ነው?"

"አጥርሽ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ አይደለም እንዴ?"

"ዶሮዬ ስትጠፋ የት ሄጄ ነው የምፈልጋት?"

"እኛ ግቢ።"

"ታዲያ ዶሮዬ እናንተ ጋ እየተማረች ልጄን ለምን አስፋልት ታሻግሯታላችሁ?"

ወይዘሮ ፋንታዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የልጅቱን ካርድ አወጡ። ሰፈር በሚለው መስመር ላይ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት፣ "ማርያም" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። ሶዶ ውስጥ ሰውን የት ነው የምትኖረው ብትሉት የቤት ቁጥሩን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ወይ የሰፈሩን ስም ይነግራችኋል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያኑን። ኦርቶዶክሱ "ማርያም ጋ" ይላል፤ ጴንጤው "ላይኛው ቃለ ሕይወት" ይላል። ሰው ለመፈለግ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ እዚያ ደርሳችሁ ስሙን ብትጠሩ ቤቱ ድረስ የሚወስዳችሁ አይጠፋም። ወይዘሮ ፋንታዬም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወላጅ የነገራቸውን ጻፉ። ነገር ግን ሰው ቤት ሲቀይር ቤተ ክርስቲያኑን አይቀይርም። ከታች ሆኖ ላይኛው ጋ ያመልካል፤ ከላይ ሆኖ ከታች ያለችውን ማርያም ይሳለማል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ካርድ ልጁ የት እንደሚያድር ሳይሆን ወላጆቹ የት እንደሚጸልዩ ነበር የሚናገረው።

የትምወርቅ ከሄደች በኋላ ወይዘሮ ፋንታዬ ሁለተኛ ካርድ አወጡ፤ የቤቴልን። "ላይኛው ቃለ ሕይወት።" ራሳቸው ነበሩ የጻፉት። ሳጥኑን ሁሉ አገላብጠው እንዲህ የተጻፉትን ካርዶች ቆጠሩና ወደ ዳይሬክተሩ ሄዱ።

ትግሉ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ የመጀመሪያ ካርዱን የከፈቱለት እርሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምቶ ግንባሩን አሸ።

"እትዬ፣ ዝርዝሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዷል እኮ። የየትምወርቅን ልጅ እናስተካክልና ይብቃን።"

"በቤተ ክርስቲያን ስም የተጻፈው አራት መቶ ስልሳ አንድ ካርድ ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

"አራት መቶ ስልሳ አንድ ቤት ልንዞር ነው?"

"አስበንበት እናያለን።"

ትግሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቤቴልም ከነሱ ናት አይደል? የሠራተኛ ልጅ ብለን እናስቀራታለን።"

"ስንት አስተማሪ አለህ?"

"አርባ ስምንት።"

"ሁሉም አንድ አንድ ቢያስቀር ክፍሉ መልሶ ሞላ። አንተ አምስተኛ ሆነህ ዴስክ ላይ መቀመጥህን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም፤ አንድ ጎኔ ሁልጊዜ አየር ላይ ነበር" አለና ሳቀ። ዝርዝሩን ለማጣራት ሦስት ቀን ጠየቁት፣ አራት ቀን ሰጣቸው።

ዘዴውን ያገኙት ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው፤ ደስ የሚለውም ይሄ ነው። ወሰኑ አስፋልቱ ከሆነ ቤት ለቤት መዞር ለምን ያስፈልጋል? ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አስፋልቱን ከተሻገረ ቤቱ ከታች ነው፤ ካልተሻገረ ከላይ ነው። ልጆቹ በየቀኑ መልሱን በእግራቸው እየጻፉ ነበር። የሚያስፈልገው ቁጭ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው።

የፕላስቲክ ወንበርና ጃንጥላ ይዘው ከመሻገሪያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በያዙት ዝርዝር ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ አራት ሳጥን አስምረዋል፤ ለአራት ቀን። አንድ ቀን ለምን አልበቃም ብትሉ፣ ልጅ አክስቱ ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ተከትሎ ይሻገራል፣ ጓደኛውን ይሸኛል። ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የተሻገረ ግን ቤቱ እየሄደ ነው። የባጃጅ ሹፌሮች "እማማ፣ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?" እያሉ አለፉ። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ጨዋታ አደረጉት፤ ከወንበሩ ፊት ቆመው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት እየጮኹ ይናገራሉ።

ቤቴል በየቀኑ ምሳ ሰዓት መጣች። ወይዘሮ ፋንታዬ ይነሳሉ፣ እጇን ይዘው ያሻግሯታል፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ይሸኟትና ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። አይጽፉም። በዝርዝሩ ላይ የእሷ አራት ሳጥኖች ባዶ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ቤቴል እጇን አልሰጠችም። ከወንበሩ ፊት ቆመች።

"ክብረትን ጻፍሽው። ሚስጥርንም ጻፍሻት። እኔን ለምንድነው የማትጽፊኝ?"

"አንቺማ የኔ ነሽ። አውቅሻለሁ።"

"እኔም እኮ ተሻግሬያለሁ። አራት ቀን ሙሉ።" አኩርፋለች። "ቤቴል ደገፉ!" አለች ከነአባቷ ስም፣ እንደ ሌሎቹ ጮኻ።

ወይዘሮ ፋንታዬ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ በአራቱም ሳጥኖች ውስጥ፣ ቀስ ብለው፣ አራት ምልክት አደረጉ። ቤቴል ጎንበስ ብላ መጻፉን አረጋገጠችና ፊቷ በራ። ምን እንዳስጻፈች አላወቀችም።

ያን ቀን አብረዋት ቤት ድረስ ሄዱ። መንገድ ላይ ነገሯት።

"በመስከረም አዲሱ ትምህርት ቤት ነው የምትገቢው።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚያው ላይ።"

"አስፋልቱን ማን ያሻግርሻል?"

"ራሴ ነኛ።"

"ግራና ቀኝ ታያለሽ?"

"አያለሁ።"

"ባጃጅ ከሚኒባስ ኋላ ድንገት ይወጣል እኮ፣ እማማ።"

"እጠነቀቃለሁ፣ የኔ እናት" አሉ።

ከዝርዝሩ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ልጆች ቦታ ቀየሩ። የየትምወርቅ ልጅ ከዶሮዋ ጋር ቀረች። ካርዶቹም ተስተካከሉ፤ አሁን ሰፈር ከሚለው ቀጥሎ "ከአስፋልቱ በላይ" ወይም "በታች" ይላል።

ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በኋላ፣ ትምህርት ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ፋንታዬ ለምሳ ቤት ሲደርሱ ቤቴል ቀድማ ገብታለች፤ አዲሱ ትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ነው። የበቆሎ ቂጣና ጎመን አቀረቡ። ዝምታውን እየጠበቁ ነበር።

"እኛ ዴስክ ላይ ሦስት ነን" አለች ቤቴል። "ሚስጥር፣ ደግሞ አንዲት ጥርስ የሌላት ልጅ፣ ደግሞ እኔ። ቲቸር 'ጻፉ' ስትል ሁላችንም እኩል ጻፍን። ማንም ወደ ኋላ አላለም። እኔ ክርኔን እንዲህ አድርጌ..."

እንዴት እንደሆነ ለማሳየት ሁለት ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ወይዘሮ ፋንታዬ ሳህናቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "እሺ፣ ከዚያስ?" አሏት።