በኳሱ ውስጥ የቀረው ትንፋሽ

የቀለጠ ሞራ በሸተተኝ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ተሾመ አሰላ በነበረው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ የቡድኑን አንድ ለእናቱ ኳስ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ ቆዳው ዝናብ እንዳይጠጣ በጨርቅ ሞራ ሲቀባው ይታየኛል። እኔ ሴት ልጅ በመሆኔ ኳሱን መትቼው አላውቅም፤ ሽታውን ግን ከተጫዋቾቹ ሁሉ በላይ አውቀዋለሁ።

ቡድኑን ያቋቋሙት የሰፈራችን ልጆች ነበሩ። ሜዳቸው ገብስ ከታጨደ በኋላ የሚለቀቅላቸው ማሳ፣ ማሊያቸውም እናቴ የሰፋችው አቡጄዲ ነበር። መንፊያ ስላልነበራቸው የኳሱን የውስጥ ላስቲክ በአፉ የሚነፋው ደረቱ ሰፊ ነው የተባለው ወንድሜ ነበር። ጉንጩ ተወጥሮ፣ ዓይኑ ፈጦ ሲነፋ እናቴ፣ «አንተ ልጅ፣ ነፍስህን እዚያ ውስጥ ጨርሰህ ልትከታት ነው!» እያለች ትስቅበት ነበር። ሲጨርስ የላስቲኩን አንገት በክር አስሮ ቆዳውን በጠፍር ይሸብበው ነበር።

አንድ ግንቦት መጨረሻ ላይ ኳሱን ነፍቶ፣ በዝናብ ተጫውቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ገባ። ብርዱ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሰኔ ሳይጋመስ ሞተ።

ክረምቱን ሙሉ ኳሱ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሲሞላው ቆዳው ሲጥ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ እናቴ ሥራዋን አቁማ፣ እጇን አንስታ ሁላችንንም ዝም ታሰኘን ነበር። ጠዋት ጠዋት ኳሱን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገውና፣ «አለ» ትላለች። እኔ በምሰሶው አጠገብ ማለፍ እፈራ ነበር። የምወደውን ወንድሜን መፍራቴ ደግሞ ያስለቅሰኝ ነበር።

ገብሱ ታጭዶ ማሳው ሲለቀቅ የቡድኑ አምበል ገመቹ መጣ። ከኦጎልቾ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተይዟል፣ ሌላ ኳስ ደግሞ የለም።

«ሃዳ ኮ» አላት በኦሮምኛ፣ እናቴ ማለቱ ነው። «ኳሱን ካላገኘን ቡድኑ መፍረሱ ነው። የእሱም ቡድን እኮ ነው።»

«ትንፋሹ እኮ ነው ውስጡ ያለው» አለች እናቴ። «ፈትታችሁ ልትለቁት ነው?»

ገመቹ ወደ በሩ ዞረ። ሊወጣ ሲል እናቴ ኳሱን ከምሰሶው አውርዳ ጫን አደረገችው፤ ጭስ ያደረቀው ቆዳ ቅርጹን ይዞ ሲያታልላት ከርሞ ኖሮ፣ አሁን ጣቷ ጥልቅ አለ። ሰቅላ ብታስቀምጠውም ትንፋሹ እየሄደባት መሆኑን ያን ጊዜ ያመነች ይመስለኛል።

«አታስተንፍሱት» አለችው በመጨረሻ። «በላዩ ጨምሩበት።»

ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ወግ ይኸው ሆነ። ኳሱ ሲላላ የላስቲኩን አንገት በጣት ቆንጥጠው ይይዙና፣ ያለው ሳይወጣ ተጫዋቾቹ በየተራ ትንፋሻቸውን ይጨምሩበት ነበር። አዲስ የገቡት ምክንያቱን እንኳ ሳያውቁ ያደርጉታል። ከግጥሚያ ሲመለሱ ደግሞ እናቴ ጋ አምጥተው ያስነኳት ነበር፤ እሷም ነካ አድርጋ፣ አሸንፋችኋል ወይ ብላ ሳትጠይቅ ትመልስላቸዋለች።

ከዓመታት በኋላ በአንድ የበጋ ቀን ገመቹ ኳሱን በሁለት እጁ ታቅፎ ደጃፋችን ላይ ቆመ። የግራር እሾህ ወግቶት ቆዳው ተጨማዷል። ገመቹ ያለቅስ ነበር።

«ትንፋሹ የት ላይ ነው የወጣው?» አለችው እናቴ።

«ኦጎልቾ፣ ሜዳው ላይ።»

እናቴ ባዶውን ቆዳ ተቀብላ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው።

«ኦጎልቾ ቆላ ነው» አለች። «እዚያ አይበርደውም።»

ዛሬ አሰላ ውስጥ ኳስ የሌለው ሰፈር የለም፤ ሁሉም በመንፊያ በአንዴ ይሞላል፣ ሲላላም ማንም ልብ አይለውም። ጥሩ ነው፣ የማንም ልጅ ደረት አይደክምም። እኔ ግን የልጅ ልጄ ኳሱን ሲያስተነፍስ ያ ሽሽ የሚል ድምፅ ከተሰማኝ፣ ምን ሆነች እስኪሉኝ ድረስ፣ እጄን አንስቼ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኛለሁ።