ወገቡን ሊጠይቁ መጥተው ወንበሩን የወሰዱበት ፀጉር አስተካካይ

እጀ ላባ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ምላጩ አገጭ ላይ ሲያርፍ ዝንብ ያረፈች ያህል እንኳ አይሰማም። አንዱ ደንበኛ ጢሙን እየተላጨ እንቅልፍ ይዞት ሄዶ፣ ሲነቃ ጢሙ መልሶ ስለበቀለ እንደገና ተላጭቶ ወጣ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ሰው ሁሉ እሱ ፊት ተንጋሎ ሲያንኮራፋ፣ እሱ ግን ዕድሜውን የጨረሰው ጎንበስ ብሎ ቆሞ ነው። ወገቡ ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን ጠዋት ካልሲውን ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ሚስቱ የጠፋ ነገር የሚፈልግ መስሏት አብራው ወለሉን ስታስስ ነበር።

ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና፣ «አጥንትዎ ደህና ነው፤ የደከመው ጡንቻው ነው» አለችው። «ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ተዘርረው አይዋሉ። መደገፊያ የሌለው በርጩማም አይጠጉ። ጀርባዎ ጋደም፣ ጉልበትዎ ከፍ የሚልበት ወንበር ላይ ይረፉ፤ በየመሃሉ እየተነሱ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። እንደዚያ ካደረጉ ሥራዎ ላይ ይቆማሉ።»

ትልቋ ልጁ ይህን ሰምታ ተንጋላይ ወንበር አመጣችለት። በጎኑ ያለውን እጀታ ሲስቡት ጀርባው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከሥሩ የእግር ማሳረፊያ ብቅ ይላል። እጀ ላባ መጀመሪያ ሲንጋለልበት ወገቡ እፎይ ያለውን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ለዚህ ነው መሰለኝ ጠያቂ የጎረፈው።

ደሜን የሚያፈላው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እንግዳ በር ላይ ሲታይ ባለቤት ብድግ ይላል፤ ከቤቱ የተሻለውን መቀመጫ ይለቃል። ማንም አያዘውም፤ እግሩ ራሱ ያነሳዋል። እጀ ላባም «ወገብህ እንዴት ዋለ» ለሚለው ሁሉ፣ ያንኑ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ይነሳና ሐኪሟ የከለከለችው በርጩማ ላይ ይኮራመታል። እንግዳውስ? እንግዳው «ኧረ በሞቴ አትነሳ» ይላል። የሚለው ግን እየተቀመጠ ነው። ከዚህ የባሰ ዓይን ያወጣ ውሸት ያለው ካለ ያምጣና እንይለት።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ደግሞ ለጥየቃ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እጀታውን ስቦ፣ «ይሄ ነገር ወገቡን ላላመመውም ይሆናል» አለ። ምሳው እዚያው ቀረበለት። በማግስቱም ሊጠይቅ መጣ፤ ትራስ ይዞ። በዚህ ዓይነት ፍቅር የተጠየቀ ወገብ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

ሲወጣ ጠብቆ እጀ ላባ ሚስቱን፣ «ለወንድምሽ አንድ ነገር በይው እንጂ» አላት።

«ምን ልበለው? ከወንበር ውረድ?»

«ወገቤ እኮ ነው፣ አንቺ ሴት።»

«ወንድሜ እኮ ነው። ደግሞስ ማን ተነሳለት አለህ? ራስህ ዘለህ ተነስተህ።»

ሕመሙ ጠና፤ ሕመሙ ጠና ሲባል ጠያቂው በዛ፤ ጠያቂው ሲበዛ ሕመሙ ባሰ።

በዚህ መሃል ቅዳሜ ከሰዓት የፀጉር ቤቱ ባለቤት መጡ። ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጢም አላቸው፤ የሱቁ ማስታወቂያ ያ ጢም ነው። እጀ ላባ ብድግ አለ። እሳቸውም «ኧረ አትነሳ» እያሉ ተቀመጡ፤ እጀታውን ሳቡ፤ ተንጋለሉ።

«እህ፣ ወገብህ እንዴት ነው?» ብለው ኮርኒሱን ጠየቁት።

«እንዳዩት ነው፣ ጋሼ።» በርጩማው ላይ እንደ ማጭድ ታጥፏል።

«አይዞህ። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። ሰኞ ካልቆምክ መስታወትህ ፊት ሌላ ሰው አቆማለሁ። ደንበኛ አይጠብቅማ።» ትንሽ ተመቻቹና ጨመሩ፦ «ይሄ ወንበር ግን አጥንት ያለመልማል እኮ። እንዲህ ያለ ነገር ቤትህ እያለ እንዴት አልተሻለህም?»

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው የሚድንበት ላይ ተጋድሞ ለምን አልዳንክም ብሎ መጠየቅ። እኔ ብሆን ወንበሩን ከነሰውየው በመስኮት እወረውረው ነበር፤ በሩ ስለሚጠበኝ።

እጀ ላባ ግን ጢማቸውን አየት አደረገና፣ «ጋሼ፣ ጢምዎ ወዲያ ወዲህ ብሏል፤ ከተንጋለሉ አይቀር ላስተካክልልዎ?» አለ።

«ከቻልክማ ምን ከፋኝ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሚስቱ ፎጣና ለብ ያለ ውሃ አቀረበች። እጀ ላባ በርጩማውን አስጠግቶ፣ ከግራ በኩል አረፋ ቀብቶ ምላጩን አሳለፈ። ሰውየው ማንኮራፋት ጀመሩ። የግራ ጉንጫቸው እንደተላጠ እንቁላል ሲያበራ፣ ምላጩን አጠፈ፣ ፎጣውን አራገፈ፣ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረገ። ይህ ምልክት ፀጉር ቤት ውስጥ አልቋል፣ ተነሱ ማለት ነው። እንግዳን አይቶ ብድግ እንደሚል እግር፣ ይህን ምልክት ሰምቶ የማይነሳ ወገብም የለም። ሰውየው በእንቅልፍ ልባቸው ተነስተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሄዱ።

ላሰሙት ድምፅ መጻፊያ ፊደል አላገኘሁለትም።

ሲመለሱ እጀ ላባ ወንበሩ ላይ ነው፤ ጀርባው ጋደም፣ ጉልበቱ ከፍ ብሏል።

«ምን ሠራኸኝ፣ አንተ ሰው? ቀሪውስ?»

«ወገቤ ያዘኝ፣ ጋሼ። ትንሽ ካረፍኩ እጨርሰዋለሁ።»

«ታዲያ በዚህ ፊት መንገድ ልውጣ? የፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ እኮ።»

«አይውጡማ፣ ሰው ምን ይላል» አለች ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «አረፍ ይበሉ፣ በርጩማ አለ።»

ተቀመጡ። ወደ አንድ ጎን ዞሩ፤ ወደ ሌላው ዞሩ፤ መደገፊያ ፈልገው አጡ። የቀኙን ጉንጭ ዳበሱ፤ የግራውን ዳበሱ።

«ስንት ሰዓት ነው የምታርፈው?»

«ወገብ ነው፣ ጋሼ። ሰኞ ቢሉት አይሰማም።»

ሰውየው የግራ ጉንጫቸውን እንደገና ዳበሱ።

«መስታወትህን ማንም አይነካውም» አሉ በመጨረሻ፤ «ድነህ እስክትመጣ። ሚስትህም ትስማ።»

«ሰምቻለሁ» አለች።

«በል እንግዲህ፣ ተነስና ጨርስልኝ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለ እጀ ላባ ዓይኑን ጨፍኖ። «ገና አሁን ላላ ማለት ጀመረልኝ።»