በሽማግሌ ፊት የቀረበችው የቆርቆሮ ባቡር

ሰው ስጠላ ብዙም አይታወቅብኝም። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። የዳንግላውን ሰዓት ሠሪ ግን እጠላዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልናገር።

በወጣትነቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጭነት ተሸክሜአለሁ። ትምህርቴ ከፊደል እምብዛም አላለፈም። የባቡርን ራስ ግን፣ ያንን ፊት ሆኖ የሚጎትተውን፣ በጭስ ማውጫውና በመንኮራኩሩ ለይቼ አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። ወደ አገሬ ወደ ቆሰበር፣ አሁን እንጅባራ ወደምትባለው፣ ከተመለስሁ በኋላ የልጆች መጫወቻ የሆኑትን ባቡሮች መሰብሰብ ጀመርሁ። ድሮ የውጭ አገር ሰዎች ለልጆቻቸው ያመጧቸው ናቸው፤ ከቤት ቤት ሲዞሩ ኖረው መጨረሻቸው የቁራሌ ጆንያ ነው። ቁራሌዎቹም ስለሚያውቁኝ ከብረታ ብረቱ ጋር ሳይጨፈለቁ ያሳዩኛል። ሞላ ያለው፣ በቁልፍ የሚጠመዘዘው፣ ቆርቆሮው ያለ ብየዳ በትንንሽ ጥርስ ታጥፎ የተያያዘው የጥንቱ ነው። ፕላስቲክ ካየሁ እጄንም አልዘረጋ።

አምና አንዲት ጥቁር አገኘሁና ገዛኋት። ካሉኝ ሁሉ እሷን ወደድሁ። ወሬው ዳንግላ ደርሶ ኖሮ ሰዓት ሠሪው በሚኒባስ መጣ። እሱም ይሰበስባል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ዕቃዬን በማጉያው እያየ ሲስቅብኝ ነው የማውቀው። እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል።

ገና ከበሩ ላይ ሆኖ አያት። «ይቺ የኔ ናት» አለ። «ሱቄ ለመንገዱ ሲፈርስ የጠፋችው።»

«ገዝቻት ነው፣ ጌታው።»

«ሌባ ሁሉ ገዛሁ ነው የሚለው።»

ጎረቤት ሰማ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ባቡሯ ትቅርብኝ ማለት እችል ነበር፤ ዝም ብዬ ብሰጠው ግን ሌብነቱን አመንሁ ማለት ነው። ሽማግሌ ይየን አልሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ስለ ባቡር አያውቁም፣ ስለ ጠፋ በሬ ግን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ልክ እንደ በሬው አደረጉ። ባቡሯን በጋቢ ሸፈኑና እሱን ራቅ አድርገው እኔን ምልክቷን ተናገር አሉኝ።

ተናገርሁ። መንኮራኩሯ ስድስት፣ አራቱ ትልልቅ። የቁልፉ ቀዳዳ በግራ። ጭስ ማውጫዋ ወደ ኋላ ጎበጥ ያለ። ሆዷ ላይ ግማሹ የጠፋ የፈረንጅ ጽሕፈት። ሁሉም ልክ ሆነ።

ከዚያ እሱን ጠሩት። የኔን አንዱንም አላነሣም። «ከኋላ በኩል አንድ ጥርስ የላትም» አለ። «ስከፍታት ተሰበረብኝ። በሰዓት ሽቦ አስሬ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። በጥፍራችሁ ዳስሱት።»

መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አስገብተው ቆዩ። ከዚያ ገለጡና «እስቲ አንተም ዳስሰው» አሉኝ። ሽቦ ነበር። ዓመት ሙሉ በጨርቅ ስወለውላት ጣቴ ስንት ጊዜ አልፎበታል፤ ከፋብሪካው የመጣ መስሎኝ ነበር።

«የሳቸው ናት» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሽማግሌዎቹ በአገራችን ቋንቋ በአውንጊ ተንሾካሾኩና ወደ እሱ ዞሩ። «ዕቃህን አግኝተሃል። ሌባ ያልኸውን ደግሞ አንሣለት።»

«ሌባ አይደለም» አለ። ትንፋሼ መለስ ሲል ቀጠለ። «ሌባ ቢሆንማ የሚሰርቀውን ያውቅ ነበር። ይሄ ሰውዬ ተሸካሚ ነው፤ ባቡር ተሸክሞ አይታወቅም። ሽቦን ከጥርስ የማይለይ ሰው ይታዘንለታል እንጂ ሌባ አይባልም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «አነሣልህ እንግዲህ። ይበቃሃል?»

አስቤ አየሁት። ባቡር አውቃለሁ ብል፣ እያወቅሁ የሰው ዕቃ ያዝሁ ሊሆን ነው። አላውቅም ካልሁ ስሜ ከሌብነት ይነጻል።

«ይበቃኛል» አልሁ።

«ባቡር አላውቅም ይበል» አለ እሱ። ሽማግሌዎቹ አልከለከሉትም።

«አላውቅም» አልሁ።

ታረቁ ብለው አስነሡን፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ብብቱ ሥር የያዛት ባቡር ጎኔን ወጋችኝ። መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት፣ ደንብ ነውና። የሚኒባሱ በር ሲዘጋበትም ቆሜ አየሁ። በሰላም ይግቡ ግን አላልሁትም።