የአባቴ ቪዲዮ ያለበት ዲቪዲ መቅጃ

"ትተሽው ሂጂና ነገ ነይ" ሲለኝ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ዛሬ እዚህ ጋምቤላ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ነበርኩ። አሮጌው ዲቪዲ መቅጃችን ሃርድ ዲስኩ ላይ የሟች አባቴ ቪዲዮ አለ። ጎግ ላለችው እህቴ ዲስክ ላይ ልገለብጥላት ብል መቅዳት እምቢ አለ።

"ውስጡ ምን አለ?" አለኝ ጠጋኙ።

"ምንም" አልኩት። ምን አገባው?

ፈታትቶ አየውና "ማጫወት ያጫውታል፤ የሚቀዳበት ሌንስ ነው የደከመው" አለ። ከሌላ አሮጌ ማሽን ሌንስ ነቅሎ ሲገጥም ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ደህናውን አውጥተው የተበላሸ ይገጥማሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ሽንት ቤት እንኳን ሳልሄድ ዋልኩ!

ሲሞክረው አባቴ በአኙዋክኛ ተረት እያወራ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ጠጋኙ መፍቻውን አስቀመጠ።

"ቲቸር! ማንበብ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። እህቴ፣ ለኔም አንድ ልቅዳ?"

አሁንም አላመንኩትም። "የት ነው ያስተማሩህ?"

"አቦቦ። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንንም ቤታቸው ያስገቡን ነበር።"

እውነት ነው፤ በዝናብ ቀን ቤታችን በተማሪ ይሞላ ነበር። አፈርኩ። መጀመሪያ የተቀዳውን ዲስክ ለእሱ ሰጠሁት።

እናንተስ፣ ጠርጥራችሁት ያሳፈራችሁ ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ።